ሦስት ስንዝር ጦሳ

ቴሌቪዥን ታቅፎ የመጣ ነጭ ፎም
ፒያሳ ሱቄ ጥግ ተከምሮ ሲከርም፣
ሌላው ቆሻሻ ይለዋል፤ እኔ ግን አልጥለውም።

በጋለ ሽቦ ቀድጄ፣ በምላጭ እየላጥሁ፣
ገደሉን በአንድ ሌሊት፣ ሸንተረሩን በሳምንት አወጣሁ።
አዝዋ ገደል አንድ ክንድ ከጋት፤
ጦሳ ሦስት ስንዝር፣ ጉም የሌለበት።

ጉሙንም ሞክሬ ነበር፤ ከትራስ ጥጥ ሠራሁት፣
በነጋታው ሳየው የተኛ በግ መሰለኝ፤ አነሣሁት።

ሣሩ ሰጋቱራ ነው፣ ከአናጢው ከይማም ደጅ፤
ባሕር ዛፉ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣
ተቦጫጭቆ፣ ቀለም ጠጥቶ፣
በስቴክኒ ጫፍ ላይ ቆሞ ነፋስ አጥቶ።
ቦርከና ኮላ ነው፣ ሦስቴ ተደራርቦ፤
ጠጠሩ ግን ከእውነተኛው መጣ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ ታጥቦ።
የጥርስ ሳሙና ቱቦ ሰንጥቄ፣ በማበጠሪያ ጥርስ ጨቁኜ፣
የሰኞ ገበያን ቤቶች በቆርቆሮ ከድኜ
ቀና ስል፣
«የኛው ጣራ ያፈሳል» ትለኛለች ዘምዘም፤
«አንተ ለክብሪት ሳጥን ቆርቆሮ ስትገጥም።»
እውነቷን ነው። ባልዲው ከጓዳ ጠብ ጠብ ይላል።
ነገ እወጣለሁ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ ድልድዩ ይቀራል።

ወታደሮቹማ ከምስር አይበልጡም፤
ከካውያዬ ጫፍ ወርደው የደረቁ የእርሳስ ጠብታዎች፣ ፊት የላቸውም።
ቶፊቅ ሰማያዊውን፣ እኔ ቀዩን እናዛለን፤
እሑድ ማታ፣ መብራት ካልጠፋ፣ እንፋለማለን።
በክር ለክተን እንዘምታለን፣
ዕጣ አንከባለን እንገድላለን፣
የሞተውን ለቅመን ወደ ብልቃጡ እንመልሳለን።
ለሳምንት ሁሉም ይነሣል።

አንድ እሑድ አስር አለቃ ሙሔ ሬዲዮ ሊያስጠግን መጣ፤
አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ደረጃዬን በከዘራ እየቆጠረ ወጣ።
ሬዲዮውን እንደታቀፈ ገበታውን አየ፤
ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ከሸንተረሩ እኩል አድርጎ ቆየ።
በስፖንጅ ዛፍ መሃል፣ አንድ ትልቅ ዓይን፣ የማይርገበገብ።
ቶፊቅ ዕጣውን በመዳፉ ሸሸገ፣ እንደተያዘ ሌባ።
እኔም ጨው ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ሆንሁ፣
በዚህ ዕድሜዬ፣ በሽበቴ፣ አፈርሁ።

«ጨዋታ ነው» አልሁት ድምፄ አንሶ፤
እሱ ከጦሳ ትከሻ ሥር በትንሽ ጣቱ ዳሶ፣
«እዚህ ጋ ምንጭ አለ» አለ።
«ከግራሩ ሥር። ቀን አይታይም፤ ሌሊት ይሰማል።
አራት ሰው በአንድ የኮዳ ክዳን ተራ በተራ ጠጥቶበታል።»
ደግሞ ወደ ግራ ዞሮ፣
«ይሄ ቦይ ጠልቋል፤ እስከ ጉልበት ነው እንጂ እስከ ደረት አይደርስም።
ቢደርስማ…»
አልጨረሰውም።

ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀም።
ቀዩ የማን፣ ሰማያዊው የማን፣ ጉዳዩ አልነበረም።
ሬዲዮውን አስቀመጠ፤ ወረደ፣ ደረጃውን እንደገና እየቆጠረ።

በዚያች ሌሊት ቦዩን በጄሶ ሞላሁ፤
የምስር ጉልበት የት ጋ እንደሆነ በመርፌ ለካሁ።
ከስፖንጁ ግራር ሥር አንዲት የኮላ ጠብታ ጣልሁ፣
ነጭ ነበረች፤ ደርቃ እስክታበራ ጠበቅሁ።

«ይህቺ ስንት ነጥብ ናት?» አለ ቶፊቅ በሳምንቱ።
«የደረሰባት ጦር አንድ ተራ ይቆማል፤
አይተኩስም፣ አይተኮስበትም» አልሁ፤ «ሕጉ ይኸው ነው።»
አጉረመረመ። ግን አቆመ፣
አራት ሰማያዊ ምስር በውሃዋ ዙሪያ።

አስር አለቃ ሙሔ አሁን እሑድ እሑድ ይመጣል።
አንድ ቀን ድንጋይ ያዛውራል፣ አንድ ቀን የፍየል መንገድ በጥፍሩ ይጭራል፤
ሳይናገር መጥቶ ሳይናገር የሚሄድበትም ጊዜ አለ።

ሬዲዮው እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው።
የተቃጠለው ፊውዝ ብቻ ነበር፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ።
እሱም አልጠየቀኝ፤
እኔም አልነገርሁት።